የሹፌሩ መቀመጫዎች

ሰኞ

ዛሬ አናጢ ጠራሁ። ምክንያቱ ጓሮው ነው። በዝናብ ይጨቀያል፣ በፀሐይ ደግሞ አረፍ የሚባልበት ቦታ የለውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሳሎን ወንበር ተሸክመን እንወጣለን፣ ተሸክመን እንገባለን። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ምቹ መቀመጫ ይሠራል። ሌላ ምክንያት የለም።

ሹፌሩ በክራንች መሄድ ጀምሯል። ሹፌሩ የምለው ባሌን ነው። አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ ከአፌ አልጠፋም። እሱም በበኩሉ "ችሎት" ይለኛል፤ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። "ችሎት፣ ጨው!" "ችሎት፣ መነጽሬን አላየሽም?" ዳሌውን ሰብሮ ብረት ከገባለት ወዲህ ግን እንዲህ ብሎ መጣራቱን ትቷል። መነጽሩን ራሱ ይፈልጋል። ጨው ከሌለ ያለ ጨው ይበላል።

ሐኪሙ "ይውጡ፣ ይንቀሳቀሱ፣ አየር ያግኙ" ብሎታል። ወጣ። ግቢ ሙሉ ቦታ እያለ ሄዶ የግቢው በር ጋ የቲማቲም ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። እዚያ ሲቀመጥ ከቤት ውስጥ አይታይም። ቢወድቅስ? ይህን ለራሴ ነው የምለው፤ ለእሱ አላልኩትም።

ሐሙስ

አናጢው "ነገ ጠዋት ከች እላለሁ" ብሎ የሄደው ሰኞ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ከች አለ። ለጠየቅሁት ሁሉ መልሱ "ይቻላል እትዬ" ነው። ወንበሩ ክንፍ ይኑረው ብለውም "ይቻላል" የሚለኝ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው መቀመጫ ማንጎው ሥር ይሆናል። ልኩን ቦታ ለመምረጥ አናጢውን እዚያ አቁሜ ወጥ ቤት ገባሁና በመስኮት "ትንሽ ወደ ግራ! አሁን ወደ ኋላ!" እያልኩ አዘዋወርኩት።

"እትዬ፣ እዚህ መጥተው ቢያዩት አይሻልም?" አለኝ።

"ከዚህ ነው በደንብ የሚታየኝ" አልኩት።

እሑድ

ለመዝገብ ያህል ይጻፍ። ሳምንት በዛሬዋ ቀን ሹፌሩ ከልጃችን ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ጆሮዬን አልጣልኩም፤ በሩ ክፍት ነበር። ቃሉ ይህ ነው፦ "እኔ እዚህ ምን አለኝ ብለሽ ነው።"

ልጃችን አስተማሪ ናት፣ ሩቅ ከተማ ትኖራለች። ቤቷ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ አንድ ክፍል ትርፍ አላት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጥታ አባቷን ልትወስደው ተስማምተዋል። ለእኔ የነገረችኝ ማግስቱን ነው፤ "እማዬ፣ ለአንቺም እረፍት ነው" አለችኝ። "ለስንት ጊዜ?" ስላት "እንደሚመቸው" አለች። ተቃውሞ የለኝም አልኳት።

በእርግጥም የለኝም። ለሰው ሁሉ የሚመቸው ቦታ አለ። በሥራ ዘመኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የእኔ ድርሻ ሰው የተናገረውን መጻፍ እንጂ ሊል የፈለገውን መገመት አለመሆኑን ነው። "እዚህ ምን አለኝ" ብሏል። እዚህ የለም ያለው ምን እንደሆነ አልዘረዘረም።

አናጢው ነገ እንጨት ይዞ ይመጣል።

ቅዳሜ

የማንጎው ሥር ወንበር አለቀ። መደገፊያ አለው። እግር እንዳይጨቀይ ዙሪያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጠፍኩበት። ሹፌሩን ጠርቼ አሳየሁት። በክራንቹ ድንጋዩን ኳ ኳ አድርጎ፣ "ቆንጆ ነው። ችሎት፣ እጅሽ ባለሙያ ነው" አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ዞሮ ወደ ሣጥኑ ሄደ።

ማክሰኞ

ማንጎው ሥር ጉንዳን አለ ይላል። ፈልጌ አንድ ጉንዳን አገኘሁ። እሷም መንገደኛ ነበረች።

ዓርብ

ወንበሩ ቆርቁሮት ይሆናል። ብረት የገባበት ዳሌ በጣውላ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሁለተኛው ለስላሳ መሆን አለበት።

በሕይወቴ ካየሁት ወንበር ሁሉ ምቹው የዳኛው ቢሮ ውስጥ የነበረው ነው። ችሎት ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ ያ ግርማ ብቻ ነው። ቢሮው ውስጥ ጥግ ላይ አንድ ዝቅ ያለ፣ ጥልቅ ያለ ወንበር ነበር። ዳኛው ከችሎት ሲወጣ እዚያ ውስጥ ስምጥ ይልና ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ መዝገብ ታቅፌ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩበትም፤ ግን ልኩን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ። አናጢውን እንደዚያ አድርገህ ሥራ አልኩት።

"ይሄን ያህል ዝቅ ይበል?"

"ዝቅ ይበል። ሰው ሲቀመጥበት ሐሳቡን ሁሉ ይርሳ።"

"ይቻላል እትዬ።"

ስፖንጅ ገዝቼ ትራሱን ራሴ ሰፋሁ። ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ይወዳል፤ የአውቶቡሱ ወንበሮች ሰማያዊ ነበሩ። ይህን ከመስፋቴ በፊት አላሰብኩትም ነበር።

ረቡዕ

ልጃችን ደወለች። እንዴት ነው ስትለኝ "ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል" አልኳት። "አንቺስ?" አለች። መቀመጫ እያሠራሁ ነው አልኳት። "እማዬ፣ አባዬ ሊሄድ ነው እኮ" አለች። ታዲያ ሰው ስለሄደ ጓሮ አይስተካከልም? አልኳት። ስልኩን ዘጋሁት። በኋላ ሳስበው ቁጣ ነበረበት። መቆጣት አልነበረብኝም።

ቅዳሜ

ሁለተኛው ወንበር አበቦቹ አጠገብ ተቀመጠ።

ዝናብ። ሹፌሩ በስብሷል። ትኩስ ነገር ላፍላ። በኋላ እጽፋለሁ።

እሑድ

የትናንቱ እንዲህ ነበር። ከምሳ በኋላ ሹፌሩ ሳልጠራው ወደ ጓሮ ሄዶ አዲሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰመጠ። ሰማያዊውን ትራስ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ፣ አካፋ፣ ቀጥሎም ወረደ። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ አላየሁትም።

ያገኘችው ጎረቤታችን ናት። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጇ ስለተቀበለች ሁሉንም ሰው የምትቆጣው እንደ ራሷ ልጅ ነው። መጥረጊያ ልትዋስ መጥታ ሹፌሩን ዝናብ ሲመታው አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ተነሣ እንጂ!"

"መነሣቱን መች ጠላሁት" አላት።

መነሣት አቅቶት ነበር። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ መያዣ የለውም፤ ዳሌው አልታዘዝ ብሎታል። ክራንቹ ደግሞ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወድቋል። ለሁለት ጎትተን አነሣነው። አዋላጇ እየጎተተች "ግፋ!" ስትለው ሁላችንም ልንስቅ ምንም አልቀረንም ነበር። ግን ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ አልሳቅንም።

"አንቺ ቤት አልነበርሽም?" አለችኝ።

"ልብስ ሳጣጥፍ" አልኳት።

ለምን አልጠራኝም? አንድ ጊዜ "ችሎት" ቢለኝ ምን ይጎድልበታል?

ሰኞ

ያስለዋል። አዋላጇ ደረቱን አዳምጣ "ጉንፋን ነው፣ አትፍሪ" አለችኝ። ማን ፈራሁ አለ? ልጃችን ግን ከአዋላጇ ሰምታ ኖሮ ደወለች። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ አልጠብቅም፣ ፈቃድ እንደተሰጠኝ እመጣለሁ አለች። ተቃውሞ የለኝም አልኳት። ይህን ስል ድምፄ ደህና ነበር።

ሐሙስ

የማስተካከያ ቃል።

እሑድ የጻፍኩት እውነት አይደለም። ልብስ እያጣጠፍኩ አልነበረም። ልብሱ ታጥፎ ካለቀ ቆይቷል። መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር።

ሲቀመጥ አየሁት። ትራሱን ሲመታው አይቼ ደስ አለኝ። ሊነሣ ሲሞክር አየሁት፤ ክራንቹ ሲወድቅም አየሁ። እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት ሲሞክር፣ አልደርስ ሲለው፣ መልሶ ሲቀመጥ አየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። ተያየን። አሁን ይጠራኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠራኝም። ፊቱን መልሶ አበቦቹን ማየት ጀመረ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እልህ ያዘኝ። እያየኸኝ ካልጠራኸኝ እኔስ ለምን እወጣለሁ አልኩ። ሲያካፋም እዚያው ነበርኩ። ዝናቡ ሲወርድ ልወጣ የበሩን እጀታ ይዤ ነበር፣ ያኔ አዋላጇ ደረሰች።

እጀታውን ይዤ ነበር። ይህ እውነት ነው። ሆኖም እጀታ መያዝ ማንንም ከዝናብ አያወጣም።

ዓርብ

ዛሬ ሹፌሩ የሚታከምበት ክሊኒክ ሄድኩ፣ ብቻዬን። እዚያ መጠበቂያው ውስጥ ካለው ወንበር ሁልጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ነው የሚነሣው። ሲባጎ ይዤ ከፍታውን፣ የክንዱን ርዝመት፣ ጥልቀቱን ለካሁ። ጥበቃው መጥቶ በላዬ ቆመ።

"እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ምንም አልጠፋብኝም። ወንበራችሁን ወድጄው ነው።"

ጎንበስ ብሎ ወንበሩን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። "እስኪ ይሁን" ብሎ ሄደ። ልኩን በሲባጎው ላይ በቋጠሮ ምልክት አድርጌ ለአናጢው ሰጠሁት። አናጢው ሲባጎውን አገላብጦ፣ "አሁንስ ዳኛውን አባረርናቸው ማለት ነው?" አለ። ተባረዋል አልኩት።

ረቡዕ

ሦስተኛው አለቀ። የአጥሩን ግድግዳ ተደግፎ፣ የቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶለት ነው የቆመው፤ ዝናብ አያገኘውም። ከፍ ያለ ነው፣ በሁለቱም በኩል ደህና መያዣ አለው። ሹፌሩ ተሽሎታል። ሞክረው አልኩት። ተቀመጠ። መያዣውን ጨብጦ ተነሣ። እንደገና ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ።

"ይሄ ፍሬን ያለው ነው" አለ።

ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቅን ብዙ ጊዜያችን ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ሣጥኑ ላይ ነው። እኔ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ አዋላጇ ከአጥር ውጭ ቆማ ታወራዋለች። ሁለቱም አላዩኝም። ቃል በቃል፦

"ያን የመሰለ ወንበር ተሠርቶልህ እዚህ ሣጥን ላይ ምን ታደርጋለህ?"

"እዚያ ከማን ጋር ልቀመጥ?"

"ከአበባው ጋር።"

"አበባው አያወራም።"

መንገደኛ ማየት ለምዷል ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሳፈሩና ሲወርዱ ያየ ሰው ጭር ያለ ጓሮ አይመቸውም። የልጃችን ቤት መንገድ ዳር ነው፤ ሰው ይተላለፍበታል። እዚያ ይሻለዋል። ነገሩን እንዲህ ነው የተረዳሁት።

ቅዳሜ

ልጃችን ገባች። ከስታለች። አባቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ "አባዬ ወፍረሃል" አለችው። ከሰዓት ጓሮውን አሳየኋት። ማንጎው ሥር ተቀመጠች፤ ሰማያዊው ላይ ሰምጣ ሳቀች፤ ግድግዳው ጋ ያለውን በእጇ ዳበሰችው።

"እማዬ፣ ሁሉም እኮ ወደ ወጥ ቤቱ ነው የዞሩት።"

"ቦታው ነው እንደዚያ የሆነው።"

"በየጥጉ ደግሞ አንድ አንድ ናቸው። ያንቺስ የታል?"

"እኔ ሥራ እያለብኝ የት እቀመጣለሁ" አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ይሄዳሉ።

እሑድ

ሸሚዞቹን ተኮስኩ። መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቀለልኩ። የማይወደውን ሹራብ አልከተትኩም፣ በኋላ ግን እዚያ ይበርድ ይሆናል ብዬ ከተትኩት። ልጃችን "አባዬ፣ ደስ ብሎሃል?" ስትለው ሰማሁ። የመለሰውን አልሰማሁም፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። የተዘጋ በር ጋ ቆሜ መስማት ነውር ነው። ቆምኩ። ግን አልሰማሁም።

ሰኞ

እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ሻንጣው መኪናው ላይ ተጫነ። ልጃችን ሞተር አስነስታ ትጠብቃለች። ሹፌሩ የለም። ሣጥኑ ጋ ሄድኩ፣ የለም። ጓሮ ስሄድ ጥላው ሥር ግድግዳው ጋ ተቀምጧል፤ ኮቱን ለብሶ፣ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

"መኪናው ዝግጁ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ፣ ይሰማል። ችሎቱ ምን ወሰነ?"

ይህን የሚለው ለጨዋታ ነው። እራት ምን ይሠራ ስንባባልም እንዲሁ ነው የሚለው። እኔም ተቃውሞ የለኝም ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሌላውን ሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን አንድ ቃል ለማውጣት ይህን ያህል ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"አትሂድ" አልኩት።

"ምን አልሽ?"

ሰምቷል። ፊቱ ላይ አየሁት።

"አትሂድ። እዚህ ሁን። ከእኔ ጋር ሁን። እንድትሄድብኝ አልፈልግም።"

ግድግዳው ላይ ተደግፎ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ክራንቹን አንሥቶ ማንጎውን ጠቆመ፣ አበቦቹን ጠቆመ፣ የተቀመጠበትን መታ አደረገ።

"ይሄን ለማለት ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ወንበር ያሠራሽው?"

አለቀስኩ። መጻፉ ያሳፍረኛል፣ ግን አለቀስኩ፣ በመሐረብ እንኳ አይደለም፣ በእጄ።

"በይ እንግዲህ፣ ቁጭ በይና አልቅሺ" አለኝ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አጠገቡ የሚቀመጡበት ነገር የለም። ሹፌሩም አየ። መያዣውን ጨበጠና ቀስ ብሎ ተነሣልኝ። አይሆንም አልኩት። ክራንቹን ተደግፎ ቆሞ፣ "ቁጭ በይ አልኩሽ፣ ተሳፋሪ አታስጠብቂ" አለኝ። ተቀመጥኩ።

የሠራሁለት ቦታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ሆኖ ሲታይ የወጥ ቤቱ መስኮት ጥቁር ነው። ሰማዩንና ማንጎውን ነው መልሶ የሚያሳየው። ከኋላው ሰው ይኑር አይኑር አይለይም።

"ያን ቀን፣ በዝናቡ፣ ለምን አልጠራኸኝም?" አልኩት።

"የወጣሽ መስሎኝ። መስኮቱን ባይ ባይ ማንም የለም።"

ዝም ማለት እችል ነበር። መኪናውም ጡሩምባ ነፋ።

"ነበርኩ" አልኩት። "ቆሜ አይህ ነበር። እስክትጠራኝ እየጠበቅሁ ነበር።"

አልተቆጣም። አልሳቀም። ክራንቹ ላይ እንደተደገፈ ረጅም ጊዜ መስኮቱን ሲያይ ቆየ፣ አንድ ነገር የሚለይበት ይመስል። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እጁ ከባድ ነው።

"ሂጂ ንገሪያት" አለኝ። "ሻንጣዬን ታውርደው። የጥርስ ብሩሼም እዚያ ውስጥ ነው።"

ሄድኩ። ልጃችን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ፊቴን አየችና ሞተሩን አጠፋች።

"አይሄድም?" አለችኝ።

"አይሄድም።"

"ምን ብለሽው ነው?"

"አትሂድ አልኩት" አልኳት።